አገር አቀፍ የቤተሰብ ዕቅድ መመሪያ ልናረቅቅ ነው፤ በዚህ ሥራ ያለፋችሁ እባካችሁ ምከሩኝ

ረቂቅ ያዡ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አገር አቀፍ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት መመሪያ የሚያዘጋጅ ቡድን ውስጥ ጸሐፊ ተደርጌ ተመድቤያለሁ። ሙያዬ ጤና መኮንንነት ነው። ለብዙ ዓመት ታካሚ አይቻለሁ፣ መመሪያ ግን ጽፌ አላውቅም። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተሰብስበን ሁለቱንም ጊዜ ሳንስማማ ተነሣን።

የመጀመሪያው ክርክር ከዜሮ እንጻፍ ወይስ የዓለም ጤና ድርጅትን ሰነድ እንውሰድ የሚል ነው። አንዳንዱ “የሌላ ሰው ልብስ በልካችን አይሆንም” ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተርጉመን እንገላገል ባይ ነው። ሁለተኛው የርዝመት ነገር ነው። አንድ አንጋፋ ሐኪም ሁሉም በዝርዝር ይግባ ብለው የምዕራፍ ዝርዝሩን ብቻ ስድስት ገጽ ሞልተው አመጡ፤ እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ማን ያነበዋል ብዬ ሠጋሁ። ሦስተኛውና በጣም የሚያሳስበኝ፣ “ያገባች ሴት የባሏን ፊርማ ታምጣ”፣ “ላልወለደች ሴት ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ) አይገባም” የሚሉ ነገሮች ከድሮው ረቂቅ እንዳለ ተገልብጠው መምጣታቸው ነው። ሳነሣው “እሱ የቆየ አሠራር ነው” ተባልኩ።

እንዲህ ባለ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ይቀመጥ? ምን ይግባ፣ ምን ይቅር? ታትሞ ከወጣ በኋላስ ሳይነበብ እንዳይቀር ምን ይደረግ? ሦስተኛው ስብሰባ ቀርቧል፣ ባዶ እጄን መግባት አልፈልግም።


ማስረጃ ፈላጊ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያው ክርክር ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። የሴት ሰውነት ድንበር ሲሻገር አይለወጥም። ደም ግፊቷ 160/100 የደረሰ ሴት ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የትም ብትሆን አይሰጣትም። ማይግሬኗ ከዓይን ብልጭታ ጋር የሚመጣባትም እንደዚያው። ይህን በራሳችን እናረጋግጥ ብሎ ጥናቶቹን ሁሉ እንደገና መገምገም ዓመታት ይፈጃል፣ በመጨረሻም የሚደረሰው እዚያው ነው። ስለዚህ የሕክምናውን ክፍል ውሰዱት።

የዓለም ጤና ድርጅት የሕክምና ብቁነት መስፈርት የሚባለውን መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታድሷል፤ አምስተኛው እትም በ2015 ወጣ። ለእያንዳንዱ የጤና ሁኔታና ለእያንዳንዱ ዘዴ ከ1 እስከ 4 ምድብ ይሰጣል። 1 ማለት ምንም ገደብ የለም፣ 2 ማለት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል፣ 3 ማለት ጉዳቱ ያመዝናል፣ 4 ማለት ጨርሶ አይሰጥም ነው። ሀብታም የሚባሉት አገሮች እንኳን ከዜሮ አልጀመሩም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2006፣ አሜሪካ በ2010 ይህንኑ ወስደው ለራሳቸው አስተካከሉት።

“ተርጉመን እንገላገል” የሚሉት የሚሳሳቱት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰነድ ማን መርፌ ይውጋ፣ ኢምፕላንት (ክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ) በየትኛው ደረጃ ባለ ተቋም ይግባ፣ የከበደውን ጉዳይ ወዴት ይላክ፣ የአገሩ ሕግ ምን ይላል የሚለውን አይመልስልህም። ያ የእናንተ ሥራ ነው። ቡድናችሁ ጊዜውን እዚያ ላይ ያጥፋ። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ምድብ 3 የሚባለው ዘዴ ሌላ አማራጭ ከሌለ በጥንቃቄ ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ሁኔታውን መዝኖ የሚወስንና በቅርብ የሚከታተል ሐኪም ይፈልጋል። ሐኪም በሌለበት ቦታ አራቱ ምድቦች ወደ ሁለት ይጠቃለላሉ፤ 1 እና 2 “ይሰጣት”፣ 3 እና 4 “አይሰጣት፣ ትላክ”። ሰነዱ ራሱ ይህን ይፈቅዳል። ለየትኛው ባለሙያ አራቱ፣ ለየትኛው ሁለቱ እንደሚሰጥ የምትወስኑት ግን እናንተ ናችሁ። ይህችን አንድ ውሳኔ በደንብ ከወሰናችሁ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ።

ሌላው፣ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ እያንዳንዱ አባል የጥቅም ግጭት ካለበት በጽሑፍ ያሳውቅ። መከላከያ ከሚያመርት ድርጅት አበል የሚቀበል ሰው ስለዚያው ምርት ድምፅ መስጠት የለበትም። አግሪ 2 የሚባል የመመሪያ መመዘኛ አለ፣ 23 ነጥቦች በስድስት ዘርፍ። ረቂቁ ሲያልቅ በእሱ ለኩት። ማን ጻፈው፣ በምን ማስረጃ፣ ተገልጋዮች ተጠይቀዋል ወይ፣ መቼ ይታደሳል የሚሉት ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ።


አዋላጇ፦

እኔ በሦስተኛው ነገር ልጀምር፣ እሱ ልቤን ነክቶታልና።

በሥራ መጀመሪያ ዘመኔ የሆነ ነው። አንዲት እናት ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ መጣች። መርፌ ፈልጋ ነው። “የወር አበባሽ ላይ ነሽ?” አልኳት። “አይደለሁም” አለች። የተማርኩት “የወር አበባዋ ሲመጣ ትመለስ” የሚል ስለነበር መለስኳት። እሷ ግን አልተመለሰችም፤ ከወራት በኋላ ያየኋት ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ነው። አልተቆጣችኝም። ዝም ብላ አየችኝ። ያቺ አስተያየቷ እስከ ዛሬ አትለቀኝም። ያን ዕለት ማንም ሰው ሕግ አልጣሰም፣ እኔም የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት፤ የተሳሳተው ትእዛዙ ነበር።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ስድስት ጥያቄ ጠይቄ አገለግላት ነበር። የወር አበባሽ የመጣው ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ነው? ከመጨረሻው የወር አበባሽ ወዲህ ግንኙነት አላደረግሽም? አስተማማኝ መከላከያ ሳታቋርጪ ስትጠቀሚ ነበር? ከወለድሽ ገና አራት ሳምንት አልሞላሽም? ጽንስ ከወረደሽ ሰባት ቀን አልሞላም? ልጅሽ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ጡት ብቻ እያጠባሽው፣ የወር አበባሽም ገና ሳይመለስ ነው? ከስድስቱ ለአንዱ እንኳን “አዎ” ካለች፣ የእርግዝና ምልክትም ከሌለባት፣ አለማርገዟን መቀበል ይቻላል። መርፌውን ያን ቀን ትወስዳለች። የወር አበባዋ ከጀመረ ከሰባት ቀን በላይ ከሆነ ለቀጣዮቹ ሰባት ቀናት ኮንዶም ትጠቀም ወይም ትታቀብ ተብሎ ይነገራታል። በቃ። ይህች ዝርዝር ከገጽ 1 አትራቅ።

የምርመራው ነገርም አለ። ኪኒን ለመስጠት የማህፀን ምርመራ አያስፈልግም። የደም ምርመራም አያስፈልግም። ኢስትሮጅን ላለበት ኪኒን ደም ግፊት መለካት ይበቃል። ለሉፕ ግን የማህፀን ምርመራ የግድ ነው። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ምርመራ ይጨምራል፤ ሴትየዋም ወረፋ ላይ ውላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

የባል ፊርማን በተመለከተ ማለሳለስ አያስፈልግም። ይሰረዝ። “ይመረጣል” ተብሎም አይቀመጥ፣ “ይመረጣል” የተባለ ነገር ክፍሉ ውስጥ ሲደርስ ግዴታ ይሆናልና። ባልና ሚስት ተነጋግረው ቢመጡ እሰየው፣ አብረው ይማከሩ። ፈቃዱ ግን የተገልጋይዋ ነው። ያልወለደች ሴት ሉፕ መጠቀም ትችላለች፣ ከ20 ዓመት በታች ላለችና ላልወለደች ምድብ 2 ነው። “አይገባም” የሚለው ከየት መጣ ብለህ ጠይቃቸው።


የመጋዘኑ ሰው፦

የአዋላጇን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እህቴ፣ ስለነገርሽን አመሰግናለሁ።

እኔ የማወራው ብዙ ሰው ስለሚረሳው ነገር ነው። መመሪያው ላይ የተጻፈው ዘዴ ሁሉ በአገሪቱ የመድኃኒት መዝገብ ላይ አለ ወይ? በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥስ ገብቷል? የምሠራበት ቦታ አንድ ጊዜ አዲስ መመሪያ ደረሰን፤ ስለ ኢምፕላንት አሥር ገጽ የተጻፈበት። ባለሙያዎቹ ሠለጠኑ፣ ፖስተሩ ተለጠፈ፣ ሴቶቹም ሰምተው መጡ። መጋዘኑ ውስጥ ግን አልነበረም። ለወራት “አልቋል” እያልን መለስን። እንዲህ ሲሆን ሰው እምነት ያጣል፣ ያንን እምነት ለመመለስ ደግሞ ከዕቃው በላይ ጊዜ ይፈጃል።

ዕቃ ስል ኢምፕላንቱን ብቻ አይደለም። ማደንዘዣው፣ ጓንቱ፣ አንቲሴፕቲኩ፣ ለማውጫ የሚሆነው ፎርሴፕስ። ለማስገባት የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ማሸጊያ ይመጣል፣ የማውጫው ግን ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘዴ “ለማስገባት የሚያስፈልግ፣ ለማውጣት የሚያስፈልግ” የሚል ዝርዝር ይኑር። ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ይቀመጥ ላልከው ደግሞ፣ የግዢና የሥርጭት ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጥ። ሲያልቅ “አስተያየት ስጥበት” ተብሎ የሚላክለት ከሆነ ምንም መለወጥ አይችልም።


ተገልጋይ ነበርኩ፦

ባለሙያ አይደለሁም፤ ይህን ርዕስ ሳይ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ኢምፕላንት አስገብቼ ነበር። ማንም የወር አበባሽ ሊዛባ ይችላል አላለኝም። ደሙ ሲቆራረጥብኝ፣ አንዳንዴም ሳያቋርጥ ሲቆይ፣ ካንሰር ነው ብዬ ሌሊቱን አልቅሼ አድራለሁ። በኋላ ነው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው የታወቀ ለውጥ መሆኑን የሰማሁት። አስቀድሞ ቢነገረኝ ምናልባት እታገሠው ነበር። አውጡልኝ ብዬ ስሄድ ደግሞ “ገና ነው፣ ጊዜው አልደረሰም፣ ለምን አስገባሽው ታዲያ?” ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነው የወጣልኝ። ክንዴ ውስጥ ያለውን የማዘዝ መብት የሌለኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወደዚያ ቤት እግሬን አላነሣሁም።

የምለምናችሁ፣ “ተገልጋይዋ በፈለገች ጊዜ፣ ምክንያት ሳትጠየቅ፣ ይወጣላታል” የምትል ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሌላም አለ። ቡድኑ ውስጥ እንደኔ ያለ ሰው አለ? ወጣት አለ? አካል ጉዳተኛ አለ? ወንድስ በተጠቃሚነት ተጠይቆ ያውቃል? ስለኛ ሲጻፍ እኛ ብንኖር ጥሩ ነበር።


ማስረጃ ፈላጊ፦

እህቴ፣ ይህ የደረሰብሽ መሆን ያልነበረበት ነው። ያልሽው ደግሞ በዓለም አቀፍ ስምምነትም የቆመ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካይሮ 179 አገሮች የተስማሙበት የሥነ ሕዝብና ልማት ሰነድ ሰዎች የልጆቻቸውን ቁጥርና መራራቅ በነፃነት የመወሰን መብት አላቸው ይላል። ከዚያም አልፎ የሕዝብ ቁጥር ግብ በአገልግሎት ሰጪዎች ላይ በኮታ መልክ እንዳይጫን ያስጠነቅቃል። አንድ ነርስ “በወር ይህን ያህል ኢምፕላንት አስገቢ” ተብላ ከታዘዘች ለማውጣት ለምን እንደምታመነታ ግልጽ ነው። ስለዚህ ረቂቅ ያዥ፣ መመሪያው ውስጥ የሚገቡትን መለኪያዎች ተመልከታቸው። ስንት ሴት ኢምፕላንት አስገባች የሚለውን ብቻ ከሆነ የሚቆጥሩት ተጠንቀቅ። ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ተነገራት ወይ፣ ስለ ሌሎች ዘዴዎች ተነገራት ወይ፣ ማውጣት የጠየቀች በዚያው ዕለት ወጣላት ወይ የሚሉት ይቆጠሩ።

ቋሚ ዘዴም ላይ አንድ መስመር አትርሱ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ለማምከን ፈቃድ አትጠየቅም። ያን ሰዓት የሚሰጥ ፊርማ ፈቃድ አይባልም።


ረቂቅ ያዡ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተገልጋይዋን ጽሑፍ ስምሽን ሳላነሣ ለቡድኑ ባነበው ትፈቅጂልኛለሽ?

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ርዝመቱን ምን ላድርግ? ሐኪሙ የሚሉትም እውነት አለው፤ ዝርዝሩ ከሌለ ባለሙያው ይደነጋገራል ይላሉ። ደግሞስ የዛሬው ማስረጃ ነገ ሲለወጥ ታትሞ የተበተነውን መጽሐፍ ምን እናደርገዋለን?


ተገልጋይ ነበርኩ፦

አንብበው። ደስ ይለኛል።


አዋላጇ፦

ሐኪሙን አታስቀይማቸው፣ ዝርዝሩ ይኑር። ግን ሁለት ነገር አዘጋጁ። አንደኛው ትልቁ መጽሐፍ፤ ለአሠልጣኝ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታል። ሁለተኛው እኔ ጠረጴዛዬ ላይ የማስቀምጠው፣ በላስቲክ የተሸፈነ ጥቂት ገጽ። ሴትዮዋ ፊቴ ተቀምጣ ልገልጠው የምችለው። እዚያ ላይ ስድስቱ ጥያቄዎች፣ የምድቦቹ ሠንጠረዥ፣ ዘግይተው ለሚመጡ ምን ይደረግ የሚለው ይኑሩ።

ዘግይቶ መምጣት ስል፣ የሦስት ወሩ መርፌ ቀጠሮዋ ያለፈባት ሴት እስከ አራት ሳምንት ብትዘገይ ያለ ተጨማሪ መከላከያ ልትወጋ ትችላለች። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ብዙ ነው፤ በሁለት ቀን ዘገየሽ ብሎ የሚመልስ አይቻለሁ። የድንገተኛ መከላከያ ኪኒንም እንደዚያው፤ እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሰጣል፣ በቶሎ ሲወሰድ ግን ይበልጥ ይሠራል። የሚሠራውም እንቁላል እንዳይለቀቅ በመከልከል ወይም በማዘግየት ነው፤ የያዘን እርግዝና አያቋርጥም። ይህንን ባለሙያው ራሱ ስለማያውቅ ሴቶች ይወቀሳሉ።

ደግሞ ከመታተሙ በፊት ለእኛ ላኩልን። በጥቂት ጤና ጣቢያዎች ለአንድ ሁለት ወር ሞክሩት። ነርሷ ገጹን ስትፈልግ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ያልገባትን ቃል ለውጡት። በስብሰባ አዳራሽ የማይታይ ስሕተት እዚያ ይታያል።


ማስረጃ ፈላጊ፦

መታደሱን በሚመለከት፣ አንድ ታሪክ ልንገርህ፣ ለሐኪሙም ንገራቸው። ለብዙ ዓመታት የሦስት ወሩ መርፌ በኤችአይቪ የመያዝ ዕድልን ይጨምር ይሆን የሚል ጥርጣሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ለኤችአይቪ ከፍተኛ ተጋላጭ ለሆኑ ሴቶች መርፌውን ከምድብ 1 ወደ ምድብ 2 አወረደው። በዚያን ጊዜ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በኢስዋቲኒና በዛምቢያ 7,829 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት እየተካሄደ ነበር። መርፌውን፣ መዳብ ያለበትን ሉፕና ኢምፕላንቱን አነጻጸረ። ውጤቱ በሰኔ 2019 ወጣ፤ በሦስቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ምድቡ ወደ 1 ተመለሰ። ተመልከት፣ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለወጠ። አሥር ዓመት የሚቆይ ጥራዝ ያሳተመ አገር በዚያ መካከል ባለሙያዎቹን ምን ይላቸዋል?

የዚያ ጥናት ሌላኛው ገጽታ ደግሞ አሳዛኝ ነው። በጥናቱ ጊዜ 397 ሴቶች በቫይረሱ ተያዙ፣ የትኛውንም ዘዴ ይጠቀሙ። የመከላከያው ክፍል ውስጥ ስለ ኤችአይቪ ምርመራና መከላከያ የማይወራ ከሆነ ትልቅ ነገር እያመለጠን ነው። ስለዚህ ያ ምዕራፍ አይቅር።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ሦስትና አራት ሰው ያለበት ቋሚ ቡድን በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ ነገር ወጥቷል ወይ ብሎ ይይ። የተለወጠ ካለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይውጣ፣ ያ ገጽ ብቻ ይተካ። ሙሉው መጽሐፍ በአምስት ዓመት ይከለስ። እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ የወጣበት ቀን ይጻፍ፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን አሮጌውን ከአዲሱ የምትለየው እሷ ናት።


የመጋዘኑ ሰው፦

በጀቱንም ከአሁኑ አስገቡት። ማተሚያ፣ ማሠልጠኛ፣ ማጓጓዣ። የነርሶችና የአዋላጆች ትምህርት ቤቶች ሥርዓተ ትምህርትም አብሮ ካልተስተካከለ፣ በየዓመቱ የሚመረቀው ልጅ የድሮውን ይዞ ይመጣል፤ እናንተም በየዓመቱ ስታሠለጥኑ ትኖራላችሁ።


ረቂቅ ያዡ፦

ለሦስተኛው ስብሰባ የምይዘው ይህ ነው። የሕክምናው ክፍል ከዓለም ጤና ድርጅት ይወሰድ፣ ጊዜያችንን ማን የት ምን ይሥራ በሚለው ላይ እናጥፋ እላለሁ። የባል ፊርማና “ያልወለደች” የሚለው እንዲሰረዙ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ስድስቱ ጥያቄዎች በመጀመሪያው ገጽ። ማውጣት በተጠየቀ ጊዜ፣ ያለ ምክንያት። የግዢ ክፍሉን ሰው ነገ ጠዋት እደውልለታለሁ፣ ሁለት ተገልጋዮችም እንዲገቡ ሊቀመንበሯን አነጋግራለሁ። አዋላጇ፣ ሙከራው ሲጀመር የመጀመሪያው ቅጂ ላንቺ ይደርስሻል፤ የማይገባ ቃል ካለ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘሽ መልሺልኝ።